የሙዝ ባቡሮች፦ ከምጽዋ የወጡ መርከቦች ታሪክና የምሥራቅ ሱዳን ድንበር የውሰት ቃላት

በገዳሪፍ ገበያ ከፍራፍሬ መደብ ፊት ቆሞ የቃላት ዝርዝር ለሚሰበስብ ሰው አንዱ ፍሬ በሦስት ስም ሊጠራለት ይችላል። ሱዳናዊው ነጋዴ «ሞዝ» ይለዋል። ከመተማ ወይም ከጎንደር የመጣው ገዢ «ሙዝ» ይላል። ከአስመራ የመጣችው ትግርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ባናና» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአንድ ዐረብኛ ቃል ልጆች ናቸው፤ ሦስተኛው ከጣልያንኛ መምጣቱም አያከራክርም። እኔም ይህን በመዘገብሁበት ደብተር ጠርዝ ላይ «ጣልያንኛ፤ በሙዝ መርከቦች፣ በምጽዋ በኩል፣ 1930ዎቹ» ብዬ ጻፍሁ። ማስታወሻው ለዓመታት ሳይነካ ቆየ፤ ይባስ ብሎም ባቀረብኋቸው ንግግሮች ውስጥ እንደ ተረጋገጠ ነገር ጠቀስሁት። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ማስታወሻ ስሕተት መሆኑ ነው። ስሕተቱን ለማሳየት የመርከቦቹን ታሪክ መከተል አስፈላጊ ስለሆነ፣ አንባቢ ከቋንቋ ጉዳይ ለጥቂት ገጾች መራቄን እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት በ1935 መጨረሻ «ሬጂያ አዚየንዳ ሞኖፖሊዮ ባናኔ» የተሰኘ የንጉሣዊ ሙዝ ሞኖፖል ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ተግባር በኢጣልያ ሶማሊያ የሚመረተውን ሙዝ ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ በኢጣልያ ገበያ ብቻውን መሸጥ ነበር። ሙዙ የሚለማው ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርዱት በሸበሌና በጁባ ወንዞች ታችኛው ተፋሰስ ሲሆን፣ ከሸበሌ ዳር የሚገኘው የጀናሌ እርሻ ዋነኛው ነበር። መሬቱ ለኢጣልያውያን ሰፋሪዎች ተሰጥቶ ነበር፤ የሚያርሱትና የሚለቅሙት ግን የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በግዴታ። የሶማሊያ ሙዝ በነጻ ገበያ ከካናሪ ደሴቶች ሙዝ ጋር ተወዳድሮ መቆም ስላልቻለ መንግሥት በሕግ አጥር ከለለለት። ሞኖፖሉም ከጦርነቱ በኋላ በሌላ መልክ ቀጥሎ እስከ 1960ዎቹ ደረሰ።

ድርጅቱ ከ1937 እስከ 1938 ባለው ጊዜ አራት አዳዲስ መርከቦች አሠራ። አንደኛዋና ሦስተኛዋ በጄኖቫ፣ ሁለተኛዋና አራተኛዋ በሞንፋልኮኔ ተሠሩ። ስማቸው ከድርጅቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነበር፤ ራምብ 1፣ ራምብ 2፣ ራምብ 3፣ ራምብ 4። እያንዳንዳቸው 3,600 ቶን የሚያልፉ ሲሆኑ፣ ጭነት ማቀዝቀዣ ነበራቸው፤ በሰዓት ከ18 ኖት በላይ ይጓዙ ነበር። ለጭነት መርከብ ይህ ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ሙዝ ሳይበስል ተቆርጦ፣ በጉዞ ላይ በቅዝቃዜ ተይዞ፣ ከወደብ ከደረሰ በኋላ እንዲበስል የሚደረግ ፍሬ ነውና ፍጥነቱ ለፍሬው የተገባ ነበር። ይሁንና ንድፉ ሌላ ዓላማም ነበረው፦ መርከቦቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጦርነት ጊዜ መድፍ ተገጥሞላቸው ረዳት የጦር መርከብ እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ ነበሩ።

የእንፋሎት መርከቦች ናቸው ብዬ ብጽፍ ሌላ ስሕተት እጨምር ነበር፤ አራቱም በዲዝል ሞተር የሚሄዱ ነበሩ። በሱዳን ዐረብኛ ግን «ባቡር» ይባላሉ። ወደዚህ ቃል በኋላ እመለሳለሁ።

ኢጣልያ ጁን 10 ቀን 1940 ወደ ጦርነቱ ስትገባ የስዊዝ ቦይ ተዘጋባትና በቀይ ባሕር ያሉ መርከቦቿ ምጽዋ ላይ ታገቱ። ራምብ 1ና ራምብ 2 ከእነርሱ መካከል ነበሩ፤ መድፍ ተገጥሞላቸው ወደ ጦር አገልግሎት ገቡ። ራምብ 4 የሆስፒታል መርከብ ሆነች። ራምብ 3 በሜድትራንያን በኩል ነበረች።

የእነዚህ መርከቦች ዕጣ የተቆረጠው በባሕር ላይ ሳይሆን በየብስ፣ ከገዳሪፍና ከከሰላ ምሥራቅ ባለው ድንበር ላይ ነው። ጁላይ 4 ቀን 1940 (ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም.) የኢጣልያ ጦር ከሰላንና ገላባትን ያዘ። ከሰላን መያዝ ማለት በ1924 ከከሰላ የደረሰውን፣ በ1928 ደግሞ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋውን የሱዳን የባቡር ሐዲድ መቁረጥ ማለት ነበር። ገዳሪፍ የእንግሊዞች ወገን ሆና ቀረች፤ ከገዳሪፍ በዶካ አድርጎ ወደ ገላባት የሚወስደው መንገድም የግንባር መስመር ሆነ። ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት ልዑክ ከጎጃም አርበኞች ጋር ለመገናኘት በኦገስት 1940 ድንበሩን የተሻገረው ከዚሁ ከዶካ ተነሥቶ ነው። ኖቬምበር 6 ቀን የ10ኛው የሕንድ ብርጌድ አዛዥ የነበሩት ስሊም ገላባትን መልሰው ቢይዙም መተማን መያዝ አልቻሉም፤ ወደ ኋላም አፈገፈጉ። ከዚያም በጃንዋሪ 1941 ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ኢጣልያኖች ከሰላን በ18ኛው ቀን፣ ገላባትን በወሩ መጨረሻ ለቀቁ። በዚያው ወር በ20ኛው ቀን (ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.) ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ወደ አገራቸው ገቡ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን አቆርደት ተያዘች። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የከረን ጦርነት ተከፈተ።

ከረን ከወደቀች አስመራ፣ አስመራ ከወደቀች ምጽዋ እንደምትከተል ካርታ ማንበብ ለሚችል ሰው ግልጽ ነበር። የመጀመሪያው የከረን ማጥቃት ከሽፎ ሁለቱም ወገኖች ትንፋሽ በሚሰበስቡበት ሳምንት፣ ሩቅ መጓዝ የሚችሉት መርከቦች ምጽዋን ለቀው እንዲሸሹ ታዘዙ። «ኤሪትሬያ» የምትባለው የቅኝ ግዛት የጦር መርከብ ቀድማ ወጣች። ራምብ 1 ፌብሩዋሪ 20 ቀን ወጣች፤ ራምብ 2 ተከተለች። መድረሻቸው ጃፓን ነበር።

ራምብ 1 ከአንድ ሳምንት በላይ አልቆየችም። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ከማልዲቭ ደሴቶች ምዕራብ «ሊያንደር» የተሰኘች የኒውዚላንድ የጦር መርከብ አገኘቻት። ማንነቷን ስትጠየቅ የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ሰንደቅ ሰቅላ «ክሊፍተን» እባላለሁ አለች። በዚህ ስም የተመዘገበ መርከብ አልነበረም። ጥቂት ተታኮሱ፤ ራምብ 1 በእሳት ተያይዛ ሰጠመች፤ አብዛኞቹ መርከበኞቿ ተረፉ።

ራምብ 2 ኮቤ ደርሳ «ካሊቴያ 2» ተባለች። ኢጣልያ በሴፕቴምበር 1943 እጅ ስትሰጥ የራሷ መርከበኞች ኮቤ ላይ አሰጠሟት። ጃፓኖች አንሥተው «ኢኩታጋዋ ማሩ» አሏት፤ በጃንዋሪ 1945 ሳይጎን ላይ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተመታች። ምጽዋ የቀረችው ራምብ 4፣ ወደቡ በኤፕሪል 1941 ሲወድቅ በእንግሊዞች እጅ ገብታ በሆስፒታልነት ቀጠለች፤ በሜይ 1942 ግን ቁስለኞችን ጭና ወደ እስክንድርያ ስትጓዝ በጀርመን አውሮፕላኖች ተቃጠለች።

ምጽዋን በጦርነቱ ጊዜ ያላየችው ራምብ 3 የሁሉንም ዕድሜ ኖረች። በሜይ 1941 ቤንጋዚ ላይ በእንግሊዝ ሰርጓጅ ተመታ ፊቷ ተቆረጠ፤ ተጠገነች። በ1943 ጀርመኖች ወሰዷትና ፈንጂ ዘሪ አድርገው «ኪቢትስ» አሏት፤ የወፍ ስም ነው። በኖቬምበር 1944 ፊዩሜ ወደብ ውስጥ ሰጠመች። ዩጎዝላቮች አንሥተው አደሷትና «ጋሌብ» አሏት፤ ይህም የባሕር ወፍ ስም ነው። የማርሻል ቲቶ መርከብ የሆነችው እርሷ ናት። በዲሴምበር 1955 ማርሻል ቲቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሊጎበኙ የመጡት በጋሌብ ተሳፍረው ነው፤ የወረዱትም ምጽዋ ነው። እኅቶቿ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በሌሊት ከወጡበት ወደብ፣ አዲስ ስሟን ይዛ በክብር ገባች። ዛሬ ለሙዚየምነት ታድሳ ያለችው በሪየካ ነው። ሪየካ ማለት የቀድሞዋ ፊዩሜ ናት፤ ሁለቱም ስሞች፣ አንዱ በክሮኤሽያኛ ሌላው በጣልያንኛ፣ «ወንዝ» ማለት ናቸው። የእኅቷ የጃፓን ስም መጨረሻ «ጋዋ»ም ወንዝ ነው። የስም አጥኚ ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ አንድ ምዕራፍ እጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ደብተሬ ጠርዝ እመለሳለሁ። የማስታወሻዬ ግምት፣ ጣልያን ሙዝን በመርከብ ስላጓጓዘ የጣልያንኛው ቃል በመርከቡ መንገድ ገብቷል የሚል ነበር። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። የራምብ መርከቦች ጭነት ከመጫኛው ወደብ ጀምሮ ለኢጣልያ ገበያ የተከለለ ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለ ሕዝብ የሚያየው የመርከቧን ነጭ ጎን እንጂ በውስጧ ያለውን ፍሬ አልነበረም። ምጽዋ ላይ ለወራት የቆሙት ሁለቱ መርከቦችም ሙዝ ሳይሆን መድፍ ተሸክመው ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ሶማልኛ ውስጥ አለ። ሙዙ የሚበቅልበት፣ የሚቆረጥበት፣ የሚጫንበት፣ ጣልያንኛ ተናጋሪ አለቃ በየቀኑ የሚጮኽበት አገር ሶማሊያ ነበር። «ባናና» የሚለው ቃል በሞኖፖሉ መንገድ የሚገባ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መግባት የነበረበት እዚያ ነው። ሶማልኛ ግን ፍሬውን «ሙስ» ይለዋል፤ ከዐረብኛ። ጣልያንኛ ለሶማልኛ ቃል ስላልሰጠ አይደለም፤ የፍራፍሬ ጭማቂ «ኢስበርሙንቶ» ይባላል፤ ከጣልያንኛ «ስፕሬሙታ»። ፍሬው በዐረብኛ ስሙ ቀረ፤ ጭማቂው በጣልያንኛ ተጠራ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሙዝን ሶማሌው ጣልያን ሳይመጣ ያውቀው ነበር፤ በብርጭቆ የሚቀርብ ጭማቂን ግን ያወቀው በከተማ ቡና ቤት ነው።

እንግዲህ የኤርትራ ትግርኛ «ባናና» ከየት መጣ? መልሱ ከመርከብ ወደብ ይልቅ በአስመራ ገበያ ነው። በ1939 አስመራ ከነበሯት 98,000 ያህል ነዋሪዎች 53,000 ያህሉ ኢጣልያውያን ነበሩ። ገዢው፣ የቤት እመቤቷ፣ የሆቴል አዛዡ ፍሬውን በዚህ ስም ይጠይቅ ነበር፤ ሻጩም ሆነ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ በዚህ ስም መመለስ ነበረባቸው። በከረን አጠገብ እንደ ኤላበርዕድ ያሉ የኢጣልያውያን የፍራፍሬ እርሻዎችም ነበሩ። «ባናና» ብቻውን አለመምጣቱም ይህን ያጠናክራል፤ ብርቱካን በዚያው ትግርኛ «ኣራንሺ» ነው፤ ከጣልያንኛ «አራንቾ»። የአንድ ገበያ ቅርጫት ቃላት ናቸው፤ አብረው ገቡ። በአማርኛ «ብርቱካን» ጸና፤ እርሱም በዐረብኛና በቱርክኛ በኩል ከፖርቱጋል አገር ስም የወረደ ነው። «ሙዝ»ም ጸና። በአምስቱ የወረራ ዓመታት አማርኛ ከጣልያንኛ የወሰደው ሌላ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ። የጋራዥ ቃላት ናቸው። ጣልያናዊ መካኒክና ሐበሻ ረዳቱ በአንድ መኪና ሥር ተኝተው የተለዋወጧቸው ናቸው።

ይህን ስል የጭነት መንገድ ለቃል ታሪክ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ተቃራኒው ማስረጃ «ባቡር» ነው።

ቃሉ መነሻው ጣልያንኛ «ቫፖሬ»፣ «እንፋሎት» ነው፤ ቱርክኛ «ቫፑር» አለው፤ ዐረብኛም «ዋቡር» እና «ባቡር» አለው። የመጀመሪያ ትርጉሙ የእንፋሎት መርከብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ገዢዎች በአባይና በቀይ ባሕር ላይ የእንፋሎት መርከቦች አሰማሩ፤ ከሰላን በ1840 ቆረቆሩ፤ ከ1865 ጀምሮ ምጽዋን ያዙ። የጣልያንኛው ቃል ጣልያናዊ ሳያስፈልገው፣ በግብፃዊ ወታደር፣ በሱዋኪን ነጋዴና በሱዳናዊ ጀልባ ቀዛፊ አፍ ወደ እኛ ድንበር ደረሰ። የምድር ሐዲድ በመጣ ጊዜ ዐረብኛ ሁለቱን መለየት ስላስፈለገው መርከቡን «የባሕር ዋቡር»፣ ሌላውን «የየብስ ዋቡር» አለ። አማርኛስ? «ምድር ባቡር» አለ። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ስም ተተከለ። ዛሬ «ምድር ባቡር» ስንል «ምድር» የሚለው ቃል ትርፍ ይመስላል፤ በምድር የማይሄድ ባቡር አናውቅምና። ነገር ግን ቅጽሉ ትርፍ የሚሆነው የባሕሩን ባቡር ለረሳ ሰው ነው። ስሙን ላወጡት ሰዎች ባቡር ሲባል መጀመሪያ መርከብ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ወደ ሌሎች የእንፋሎት ነገሮች ተስፋፋ፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያስመጡት መንገድ ደምዳሚ ሞተር «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው በዚህ መንገድ ነው። የባቡር ወፍጮም እንዲሁ።

ይልቁንም የሚገርመው ትግርኛ ነው። ኤርትራ ውስጥ ሐዲዱን የዘረጉት ጣልያኖች ራሳቸው ናቸው፤ በ1911 ከምጽዋ አስመራ፣ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርደት ደረሰ። ሱዳን ድንበር ድረስ ሊዘልቅ ታስቦ ነበር። በዚያው በ1928 የሱዳን ሐዲድ ገዳሪፍ ገባ፤ ሁለቱ ሐዲዶች ግን አልተገናኙም። ጣልያን በሠራው ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ትግርኛ «ባቡር» ይለዋል፤ «ትሬኖ» አላለውም። ጣልያንኛ ስም ያገኘው በኋላ የመጣው ባለ ሞተር ፉርጎ፣ «ሊቶሪና» ብቻ ነው። ቦታው አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ቃሎቹ ከሐዲዶቹ በፊት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ከገዳሪፍ እስከ አስመራ ባለው መንገድ ሁሉ አንድ «ባቡር» አለ።

አንድ ፍሬ ብቻ ልጨምር፤ በዚህ ድንበር ለሚሠሩ የሥራ ባልደረቦች ይጠቅማል ብዬ ስለማስብ። አማርኛ «ዘይቱን» የሚለው ፍሬ በሱዳን ዐረብኛ «ጀዋፋ» ነው፤ «ዘይቱን» በዐረብኛ ወይራ ነውና፣ ከመተማ የሄደ ሰው ገዳሪፍ ላይ ዘይቱን ቢጠይቅ ጨው የገባበት የወይራ ፍሬ ሊቀርብለት ይችላል። ሶማልኛ ግን እንደ አማርኛ «ሰይቱን» ይለዋል። ስለዚህ የአማርኛው ቃል፣ ዐረብኛ ቢሆንም፣ የመጣው በምሥራቁ፣ በሐረርና በዘይላ መንገድ እንጂ በሱዳን በኩል አይደለም። «ከዐረብኛ» ብሎ መመዝገብ ብቻ ምን ያህል እንደሚያሳስት ይህ ያሳያል። የየትኛው ወደብ፣ የየትኛው ነጋዴ ዐረብኛ?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ለመዝገበ ቃላት ጥራት ብቻ አይደለም። በድንበሩ ያሉ ውሰት ቃላት ሁሉ ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ሲመደቡ፣ ከዚያ በፊት በግመልና በእግር የተካሄደው የሰሜን ጎንደርና የገዳሪፍ ንግድ ከታሪክ ይሰረዛል፤ ቃል ሰጪው ሁልጊዜ ቅኝ ገዢ፣ ተቀባዩ ሁልጊዜ ዝምተኛ ይሆናል። ድሮ «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል የነበረችው ገዳሪፍ ግን ሐዲድ ሳያውቃት ገበያ ነበረች። በ2020 መጨረሻ በኡም ራኩባና በሐምዳይት ትግርኛና አማርኛ ከሱዳን ዐረብኛ ጋር እንደ አዲስ ተገናኙ፤ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን ራሳቸው በመተማ በኩል ወደዚህ መጥተዋል። ዛሬ በእነዚህ ሰዎች መካከል እየተዋሱ ያሉ ቃላትን የሚመዘግብ ሰው፣ ቃሉን ማን ለማን፣ በምን ሥራ ላይ እንዳለው ካልጻፈ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እንደ እኔ በግምት ጠርዝ ላይ ይጽፍበታል።

የደብተሬ ምዝገባ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ባናና። የኤርትራ ትግርኛ፤ ከጣልያንኛ፤ በከተማ ገበያና በቤት ሥራ በኩል፤ ከኣራንሺ ጋር አብሮ ይታይ። መርከቦቹን አይመለከትም።» ከሥሩም «ባቡር»ን አስገብቻለሁ፤ ከእርሱ ጎን መርከቦቹን ጽፌአለሁ።